በ2 ሳምንት ስፕሪንት እየሮጥን ሰው የምናሠለጥነው መቼ ነው?

ቡናና_ኮድ (ጅማ)

ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ያለ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። 5 ሰው ነን። ለቡና ነጋዴዎችና ለክሊኒኮች ሲስተም እንሠራለን። ከአምና ጀምሮ ስክረም እንከተላለን (አጃይል ከሚባለው አሠራር አንዱ ነው፣ ሥራን በአጫጭር ዙር መከፋፈል)፤ ዙሩ ስፕሪንት ይባላል፣ የኛ 2 ሳምንት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቆመን የምናደርገው የ15 ደቂቃ ስብሰባ፣ ስታንድአፕ፣ አለ፣ ስፕሪንቱ ሲያልቅም አሠራራችንን የምንገመግምበት ሬትሮ እናደርጋለን (ሥራ ሲበዛ እንዘለዋለን፣ አልዋሽም)። ሥራው በእውነት ተሻሽሏል። ድሮ ደንበኛው ስድስት ወር ጠብቆ «እኔ የጠየቅኩት ይሄን አይደለም» ይል ነበር፣ አሁን በየ2 ሳምንቱ አይቶ እዚያው ያርመናል።

ችግሬ ሥልጠና ላይ ነው። አለቃችን ሰው ማሠልጠን ይወዳል፣ ግን እሱ የሚያውቀው ሥልጠና አንድ ዓይነት ነው፦ ሁለት ልጅ መርጦ ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ መላክ። አበል፣ አልጋ፣ ትራንስፖርት። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ስላይድ አይተው፣ ሻይ ቡና ብለው፣ ሰርተፊኬት ይዘው ይመለሳሉ። ሰኞ ቢሮ ሲገቡ ስፕሪንቱ ተጋምሷል፣ ቲኬታቸው (የተመደበላቸው ሥራ) ተከምሮ ይጠብቃቸዋል፣ የተማሩትን የሚሞክሩበት ጊዜ የለም። ትንሽ ቆይቶ ተረሳ። ከሁለቱ ጎበዝ የሆነው ደግሞ ሰርተፊኬቱን ሲቪው ላይ ጨምሮ አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል። አለቃ አሁን ተማሮ «ከእንግዲህ የሚሠለጥን ሁሉ 2 ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ይፈርም» እያለ ነው።

አዲስ የሚገቡትስ? ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ ነው የሚመጡት። ጃቫ ያውቃሉ፣ ጊት (የኮድ ለውጥ የምንይዝበት) ላይ ኮንፍሊክት፣ ማለትም የሁለት ሰው ለውጥ ግጭት፣ ሲመጣ ግን ላፕቶፑን ዘግተው ማኪያቶ ሊጠጡ ይወጣሉ :) ማን ቁጭ ብሎ ያሳያቸው? ሁላችንም ላይ ዴድላይን አለ።

እንደኛ በአጃይል የምትሠሩ፣ ሰው የምታሠለጥኑት እንዴት ነው? መቼስ ነው? አሠራሩን ንገሩኝ፣ «ጊዜ ፍጠሩ» የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ።

ባክሎግ

እኔም ጅማ ነኝ፣ ከቆጪ ሆኜ በርቀት ለውጭ ድርጅት እሠራለሁ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 5 ሰው በ10 የሥራ ቀን 50 የሰው ቀን ይሆናል። እናንተ ስፕሪንቱን ስታቅዱ (ፕላኒንግ ላይ) 50ውንም በደንበኛ ሥራ ትሞሉና ለመማር ጊዜ የለም ትላላችሁ። ከየት ይመጣል ታዲያ?

45 ቀን ብቻ ያዙ። የቀረችው 5 ቀን ለመማር ትሁን፣ ግን «ትርፍ ሰዓት» ተብላ በአየር ላይ እንዳትቀር፣ እንደማንኛውም ሥራ ቲኬት ሆና የቡድኑ ሥራ ሁሉ የሚታይበት ቦርድ ላይ ትውጣ። የማን እንደሆነች፣ መቼ አለቀች እንደምትባል ይታወቅ። «ዶከር (ሲስተምን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ ማስነሻ መሣሪያ) መማር» ተብሎ ቲኬት አይጻፍም፣ ማለቂያ የለውም። «የክሊኒኩን ሲስተም በዶከር አስነሥቶ ለቡድኑ ማሳየት» ከተባለ ግን ሰውዬው ስፕሪንቱ ሲያልቅ ወይ ያሳያል ወይ አያሳይም።

አዲሶቹን በተመለከተ ፔር ፕሮግራሚንግ (ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር አብሮ ኮድ መጻፍ) ሞክሩ፣ በትክክል ግን። ኪቦርዱን አዲሱ ልጅ ይያዝ። ነባሩ አጠገቡ ተቀምጦ አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ። ብዙ ቦታ የማየው ተገላቢጦሹን ነው፤ ነባሩ ይጽፋል፣ አዲሱ «እሺ፣ እሺ» ይላል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉም አይደረግም፣ ሁለቱም ይደክማሉ። ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። የጊት ኮንፍሊክትም የሚለመደው በኮርስ አይደለም፣ እውነተኛው ኮንፍሊክት ሲመጣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ነው።

ሬትሮ እንዘላለን ያልከው ግን አልገባኝም። የ2020ው የስክረም መመሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት እስከ 3 ሰዓት ነው ለሬትሮ የሚፈቅደው፣ ለእናንተ 1 ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ማን ምን እንዳቃተው የሚወጣው እኮ እዚያ ነው። «በዚህ ስፕሪንት ምን ሥራ የዘገየው አንድ ሰው ብቻ ስለሚያውቀው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚቀጥለው የሥልጠና ቲኬታችሁ ነው።

የሰው_ኃይሏ

በአንድ የግል ድርጅት ሰው ኃይል ላይ ነው የምሠራው፣ የሶፍትዌር ሰው አይደለሁም፣ ግን ስለ ውሉ የምለው አለኝ።

ወንድሜ፣ አለቃህን ቀስ በል በለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ስላይድ 2 ዓመት ማሰር ሰውን ያስቀይማል እንጂ አያቆይም። የሚፈልግ ሰው ይሄዳል፣ የማይፈልገው ደግሞ ተኮራርፎ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ይብሳል። ውል የግድ ነው ካለም ወጪው የከበደ ሥልጠና ላይ ብቻ ይሁን፣ የሚመለሰው ገንዘብም ሰውዬው ባገለገለ ቁጥር እየቀነሰ ይሂድ፣ ከመፈረሙ በፊትም የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።

ሁለተኛ፣ አዋጁ ለሙከራ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ስፕሪንታችሁ 10 የሥራ ቀን ከሆነ ይሄ 6 ስፕሪንት ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ለእያንዳንዱ ስፕሪንት አንድ ነገር ጻፉለት፦ በመጀመሪያው ቀላል ስህተት ያርማል፣ በሦስተኛው አንድ ትንሽ ፊቸር ከሰው ጋር ይሠራል፣ በስድስተኛው ብቻውን ሠርቶ ለደንበኛ ያሳያል። ያኔ ይቆይ አይቆይ ስትሉ በስሜት አትወስኑም፣ እሱም የት እንዳለ ያውቃል።

እኛ የምንጠቀምበት አንድ ሠንጠረዥ አለ። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወደታች ስም፣ ወደ ጎን የሥራ ዓይነት። ሳጥኑ ውስጥ ከሦስት አንዱ ይጻፋል፦ «በእገዛ»፣ «ብቻውን»፣ «ያስተምራል»። «ያስተምራል» የሚል የሌለበት ዓምድ ካለ ያንን ሥራ የሚያውቀው ሰው የታመመ ቀን ሥራው ይቆማል ማለት ነው። አለቃ ሠንጠረዥ ይወዳል፣ እመኚኝ የምላት ሴት አለቃ ነበረችኝ፣ እሷም ያመነችው ግድግዳ ላይ ካየችው በኋላ ነው።

አጃይል_ሰለቸኝ

ሁላችሁም ቆንጆ ቢሮ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው። እኔ ያለሁበት አጃይል ማለት አለቃ በቀን ሦስቴ «የት ደረስክ?» ማለት ነው። ስታንድአፑ 15 ደቂቃ ሳይሆን 50 ደቂቃ ይፈጃል፣ ቁጭ ብለን። ሥልጠና ሲባል «5 ሚሊዮን ኮደሮች ላይ ግቡ፣ ነፃ ነው» ይባላል። ነፃ ነው፣ እውነት ነው፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አለ፣ የፕሮግራሚንግም የዳታ ሳይንስም መነሻ አለው፣ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ግን የምገባው ማታ ነው፣ መብራት ካለ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ዓይኔ ከተገለጠ። ድርጅቱ የመማሪያ ሰዓት ካልከፈለ ሠራተኛው ከእንቅልፉ ይከፍላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የሚገርመኝ አጃይል የተመሠረተበትን ጽሑፍ፣ ማኒፌስቶውን፣ ማንም አያነበውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ውስጥ 17 ሰዎች ተሰብስበው ነው የጻፉት፣ ከሥሩ 12 መርሆች አሉት። አንዱ ሥራው ሳያቋርጥ ሊቀጥል በሚችል ፍጥነት ይሠራ ይላል። ሌላው ለሠራተኛው የሚያስፈልገውን ሁኔታና ድጋፍ ስጡት፣ ከዚያ እመኑት ይላል። የኛ አለቆች «ለውጥን ተቀበሉ» የምትለዋን ብቻ መዘዙ።

@ባክሎግ 45 ያዙ ማለት ቀላል ነው። ደንበኛ ሐሙስ ማታ ደውሎ «ነገ ይድረስልኝ» ሲል መጀመሪያ የምትሠረዘው ያቺ የመማሪያ ቲኬት ናት።

ባክሎግ

ትሠረዛለች፣ አልክድም። አንድ ጊዜ ብትሠረዝ ችግር የለም። በተከታታይ ከተሠረዘች ግን ሬትሮ ላይ ስሟ ይጠራ። ቦርድ ላይ ያለ ነገር ሲጠፋ ይታያል፣ በቃል የተባለ ነገር ሲጠፋ ማንም አያይም። የሐሙስ ማታው ደንበኛ ግን የሥልጠና ጉዳይ አይደለም፣ እሱን የሚያስቆም ሰው የላችሁም ማለት ነው።

ነጭ_ጋውን

ኮድ አላውቅም፣ ርዕሱ ጅማ ስለሚል ነው የገባሁት። ግን እኛ ይሄን ጥያቄ በሌላ መልኩ አልፈንበታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጤና የተማረ ሰው ቲቲፒን (በቡድን የሚሰጥ የመስክ ሥልጠና) ያውቃል። የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላብራቶሪ ተማሪ አንድ ቡድን ሆኖ ጤና ጣቢያ ይላካል። እውነተኛ ታካሚ ያያል፣ እውነተኛ ቀበሌ ውስጥ ይሠራል። ግቢው ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እያለ ጀምሮ ነው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የያዘው።

እዚያ ያየሁት፣ አብሮ መሥራቱ ብቻ አያስተምርም። የላብራቶሪው ልጅ ነርሷ ናሙናውን ለምን አዘገየችው እያለ ሲያማርር ከርሞ፣ አንድ ጠዋት እሷ ጋ ቆሞ ወረፋውን ሲያይ ዝም አለ። ይሄ መልካም ነው። ግን የሚቆጣጠረን መምህር ነበረ፣ የዚያን ሰው ሥራ ደግሞ እኛን መከታተል ነበር። እናንተ ጋ ነባሩ ልጅ የራሱ ሙሉ ሥራ ላይ ማስተማር ተጨምሮበት ነው የሚጠበቅበት። ከመናደድ ውጭ ምን ያድርግ? የሚያስተምረው ሰው ላይ ሥራ ቀንሱለት፣ ከተማሪው ይልቅ እሱ ነው መጀመሪያ የሚሰለቸው።

ቡናና_ኮድ (ጅማ)

@ነጭ_ጋውን ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እኛ ጋ አንድ ነባር ልጅ አለ፣ ሁሉም «እስቲ አንዴ» እያለ ይጠራዋል፣ ቀኑ ሲያልቅ የራሱን ቲኬት ማታ ነው የሚሠራው። ቦርዱ ላይ ግን ሰነፍ መስሎ ይታያል።

ከአለቃ ጋር አወራሁ። 45ቱን ለሁለት ስፕሪንት እንሞክር ብሏል፣ ውሉ ላይ ግን አልተስማማንም፣ አሁንም «ይፈርሙ» ነው የሚለው። @የሰው_ኃይሏ እህቴ፣ 60 ቀኗን በ6 የከፈልሽበት ነገር ግን ልቡን ነክቶታል።

ሌላ ነገር፦ ቪዲዮው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ሲያዩት የገባቸው ይመስላቸዋል፣ ሲሠሩት ይጠፋባቸዋል። እርስ በርስ ሲገላለጹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እያቀላቀሉ ነው፣ ያኔ ወዲያው ይገባቸዋል።

ባክሎግ

እሱንማ ቅዱት። አንድ ሰው የሆነ ነገር ሲፈታ ስክሪኑን ቀርጾ በሚቀናው ቋንቋ ያስረዳ፣ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲጠፋም ይታያል። የሚቀጥለው አዲስ ልጅ ሲመጣ ነባሩን «እስቲ አንዴ» ከማለቱ በፊት ፎልደሩን ይክፈት።

ለዚያ ልጅም ለእገዛ የራሱ ቲኬት ክፈቱለት። ሰዓቱ እዚያ ይመዝገብ።

የሰው_ኃይሏ

ሠንጠረዡን በኤክሴል እልክልሃለሁ፣ በውስጥ ጻፍልኝ። አለቃህ ውሉን ካዘጋጀ ደግሞ ማንም ሳይፈርም አሳየኝ፣ ስም አጥፍተህ።