በ16 ጆንያ ቡና ላይ አራት የተለያየ መልስ አገኘን፤ ስህተታችን የት ላይ ነው?

የማኔጅመንት ተማሪ፣ 2ኛ ዓመት (ጅማ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሴሚስተር የምንወስደው የመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮርስ እስከ ሚድ ፈተና ድረስ አልከበደኝም ነበር። አማካይ፣ ሚዲያን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ የፍሪኩዌንሲ ሠንጠረዥና ጥቂት የፕሮባብሊቲ ሕጎች ቀመራቸው ከታወቀ መልሳቸው በካልኩሌተር ይወጣል። ከሚድ በኋላ ግን ከናሙና ተነሥተን ስለ አጠቃላዩ መናገር ስንጀምር መንገዱ ጠፋብኝ፤ ቀመሮቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፣ የትኛውን መቼ እንደምጠቀም ግን አላውቅም።

ያስቸገረኝ የአሳይመንት ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንድ ነጋዴ በመጋዘኑ ያከማቸው ቡና በየጆንያው 60 ኪሎ እንደሆነ ይናገራል። በዕጣ 16 ጆንያዎች ተመርጠው ተመዘኑና የእያንዳንዳቸው ክብደት ተዘርዝሮ ተሰጠን፤ ከሁሉ የቀለለው 57.1፣ ከሁሉ የከበደው 61.6፣ አማካያቸው ደግሞ 59.4 ኪሎ ነው። በመጋዘኑ ያሉት ጆንያዎች አማካይ ክብደት ከ60 ኪሎ ይለያል ወይስ አይለይም? በ5 በመቶ ደረጃ (እውነተኛ ቃልን በስህተት ውድቅ የማድረግ ዕድሉ ከ5 በመቶ ሳይበልጥ) ፈትኑ ይላል።

ሦስት ሆነን ተቀምጠን ሠራነው። እኔ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 1.2 አገኘሁና የ0.6ን ጉድለት በ1.2 አካፍዬ 0.5 ሲቀነስ (-0.5) ስለወጣልኝ «ልዩነት የለም» ብዬ ጻፍሁ። ጓደኛዬ 1.2ን መጀመሪያ ለ4 አካፍላ 0.3 ካደረገች በኋላ ውጤቷ 2 ሲቀነስ ሆነ፤ 2 የኖርማል (ዚ) ሠንጠረዥ ድንበር ከሆነው ከ1.96 ስለሚበልጥም የነጋዴውን ቃል ውድቅ አደረገች። ሦስተኛው ከዚያው ዝርዝር ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 1.16 አግኝቶ 2.07 ሲቀነስ ላይ ደረሰና እሱም ውድቅ አደረገ። መምህራችን የሰጡን መልስ ግን ከሦስታችንም የተለየ ነው፦ ውጤቱ እንደ ጓደኛዬ 2 ሲቀነስ፣ ውሳኔው ደግሞ እንደ እኔ «ውድቅ ማድረግ አይቻልም» የሚል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለ95 በመቶ የተሰላው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ58.76 እስከ 60.04 ነው፤ ከ16ቱ ጆንያዎች ግን በዚህ ክልል ውስጥ የገቡት 7ቱ ብቻ ናቸው። ታዲያ 95 በመቶው የቱ ጋ ነው?


የመጋዘን ሒሳብ ያዥ (ጅማ)፦

እኅቴ፣ ይህን ኮርስ የወሰድሁት ከብዙ ዓመት በፊት ስለሆነ የሠንጠረዡን ነገር ለሚያስተምሩት እተወዋለሁ። በ1.2 ማካፈልሽ ለምን እንዳሳሳተሽ ግን ሚዛን ፊት ቆሜ በየቀኑ የማየው ጉዳይ ነውና ልናገር።

አንድ ጆንያ ብቻ ተመዝኖ 59.4 ኪሎ ቢወጣ ማንም ቃል አይተነፍስም። ቡናውን በአካፋ የሚሞላው ሰው ነው፤ አንዴ ያተርፋል፣ አንዴ ያጎድላል፣ አንድ ኪሎ ወዲህ ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። ያንቺ 1.2 የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ አንድ ጆንያ ከሌላው ጆንያ በአብዛኛው ምን ያህል እንደሚራራቅ። የተጠየቅሽው ግን ስለ አንድ ጆንያ ሳይሆን ስለ 16ቱ አማካይ ነው።

እኛ መጋዘን ውስጥ አማካይ ሳይሆን ድምር ስለምንይዝ በድምር ላሳይሽ። በየጆንያው 0.6 ቢጎድል በ16ቱ 9.6 ኪሎ ይጎድላል፤ በቡና ነጋዴ መለኪያ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ከግማሽ ፈረሱላ በላይ ማለት ነው። ነጋዴው እንዳለው በአማካይ 60 ኪሎ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ጆንያ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ባጣፋው ነበር። ሙሉ በሙሉ ባይጣፋም፣ የ16 ጆንያ ድምር መዋዠቅ 16 እጥፍ አይሆንም፤ የ16 ስኩዌር ሩት በሆነው 4 ብቻ ይባዛል፣ ማለትም 4.8 ኪሎ ይሆናል። የጎደለው 9.6 ነው፣ የሚጠበቀው መዋዠቅ 4.8 ነው፤ ስናካፍለው 2 ይሆናል። የጓደኛሽ 2 ከዚህ የመጣ እንጂ ከቀመር የወረደ ምትሃት አይደለም። 1.2ን ለ4 አካፍሎ 0.3 ማድረግም ይኸው ሒሳብ በአማካይ ሲጻፍ ነው።

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ አሳይመንቱ «በዕጣ ተመርጠው» ሲል ነገሩን አቅልሎታል። እውነተኛ መጋዘን ውስጥ ሰው የሚመዝነው በር አጠገብ ያሉትንና ከክምሩ አናት ላይ ያሉትን ነው፤ ከሥር ያለውን ማን ያወጣዋል? ደግሞም የሚዛን ነገር አለ። አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የመዘንነው ሁሉ እየቀለለ አስቸግሮን ነበር። በኋላ ሚዛኑን ገልብጠን ስናይ እፍኝ የማይሞላ ቡና ከመድረኩ ሥር ገብቶ ተሰንቅሮ አገኘን። እንዲህ ያለውን ስህተት የጆንያውን ብዛት 16 ብታደርጊውም 1,600 ብታደርጊውም አያጠፋውም፤ ስኩዌር ሩት የሚያረግበው የአጋጣሚን መዋዠቅ ብቻ ነው።


ስታቲስቲክስ የማስተምር፦

ከላይ በድምር የተሰጠው ማብራሪያ ክፍል ውስጥ በቀመር ከምንሰጠው ይልቅ ግልጽ ነው፤ እኔም እወስደዋለሁ። የቀሩትን ልመልስ።

የ1.16 ጉዳይ አጭር ነው። ካልኩሌተሩ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያወጣል፤ አንዱ ለ16፣ ሌላው ለ15 አካፍሎ። የያዛችሁት ናሙና ስለሆነ በ15 የሚያካፍለውን፣ ማለትም 1.2ን መጠቀም አለባችሁ። ርቀቱ የሚለካው ከናሙናው ከራሱ አማካይ በመሆኑ ከእውነተኛው አማካይ ቢለካ ሊሆን ከሚችለው ያንሳል፤ በ15 ማካፈል ይህን ያካክሳል። ሁሉንም የቆጠረ ሰው ግን ይህም ሆነ ስታንዳርድ ኤረር (የአማካዩ መዋዠቅ፣ እዚህ 0.3) አያስፈልገውም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጅማን ከተማ ነዋሪ 120,960 ብሎ ሲመዘግብ የቆጠራ ግድፈት ሊኖርበት ቢችልም የናሙና መዋዠቅ የለበትም። «ፖፑሌሽን» የሚለው ቃል ተማሪዎችን ስለ ሰው ብቻ እንዲያስቡ ስለሚያደርጋቸውም በዚህ ጥያቄ ውስጥ ፖፑሌሽኑ የመጋዘኑ ጆንያዎች በሙሉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ዋናው ነጥብ 2ን ከምን ጋር እናወዳድር የሚለው ነው። 1.96 የሚያገለግለው የመጋዘኑ ጆንያዎች ሁሉ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አስቀድሞ በእርግጥ ሲታወቅ ነው። እናንተ ግን 1.2ን ያገኛችሁት ከእነዚያው 16 ጆንያዎች ነው፤ ሌላ 16 ጆንያ ብታወርዱ 1.0 ወይም 1.5 ሊወጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ በክፍልፋዩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውም ይዋዥቃል፤ በሁለት በኩል የሚዋዥቅ ነገር ደግሞ በአጋጣሚ ብቻ ርቆ የመውጣት ዕድሉ ሰፋ ያለ ነው። ይህን ተጨማሪ ጥርጣሬ ለማካተት ድንበሩ ራቅ ይላል፤ በ15 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም (ከናሙናው ብዛት 1 ተቀንሶ) የቲ ሠንጠረዥ የሚሰጠው 2.131 ነው። 2 ከ2.131 ስለሚያንስ ውድቅ ማድረግ አይቻልም። በጓደኛሽና በመምህራችሁ መካከል ያለው ልዩነት ይህች ብቻ ናት።

የዚህ ሠንጠረዥ ምንጭ የቢዝነስ ተማሪን ሊያስደስት ይገባል፤ የመጣው ከፋብሪካ ነውና። ዊልያም ጎሴት የተባለው ሰው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ገብስና ብቅል በጥቂት ሙከራ ብቻ እየተለካ ውሳኔ ሲሰጥ የኖርማል ሠንጠረዥ ከልክ ያለፈ እርግጠኝነት እንደሚሰጥ ተገነዘበ፤ መፍትሔውንም እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። አሠሪው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት»፣ ተማሪ በሚል የብዕር ስም ወጣ፤ የስቱደንት ቲ መባሉም ከዚህ የመነጨ ነው።

በክፍል ውስጥ «ከ30 በላይ ከሆነ ዚ፣ ከ30 በታች ከሆነ ቲ» እየተባለ የሚጠናውን ሕግ እንደ አጥር አትዩት። የቲ ድንበር በ29 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም 2.045፣ በ60 ደግሞ 2.000፣ በ120 ደግሞ 1.980 ነው፤ ቀስ እያለ ወደ 1.96 ይቀርባል እንጂ 30 ላይ አንድ በር ተከፍቶ ሌላ አይዘጋም።

ስለ 95 በመቶው የጠየቅሽው ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎች ኮርሱን አልፈውም ሳይጠይቁት ይቀራሉ። ከ58.76 እስከ 60.04 ያለው ክልል ጆንያዎችን ለመያዝ የተዘረጋ አይደለም፤ ለመያዝ የሚሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የመጋዘኑ ጆንያዎች እውነተኛ አማካይ ነው። 100 ቡድኖች እያንዳንዳቸው በዕጣ 16 ጆንያ እየመዘኑ የየራሳቸውን ክልል ቢያሰሉ፣ 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ፤ 5 ያህሉ ደግሞ ምንም ሳያጠፉ ይስቱታል። 95 በመቶው የአሠራሩ ነው። ቀጥሎ የሚወርደው አንድ ጆንያ ምን ሊመዝን ይችላል ብለሽ ብትጠይቂ ግን ወደ 1.2 እንመለሳለን፤ ክብደቶቹ የኖርማል ዓይነት ሥርጭት ካላቸው ክልሉ ከ56.8 እስከ 62.0 ገደማ ይሆናል፣ 57.1ም 61.6ም እዚያ ውስጥ ይገባሉ።


የአካውንቲንግ ምሩቅ፦

በመምህር ማብራሪያ ላይ የምጨምረው ስለ ጥያቄው አጠያየቅ ነው። አሳይመንቱ «ይለያል ወይ» ስለሚል 5 በመቶው ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ጫፍ ተቀምጧል። ገዢ ብሆን ኖሮ ግን ጆንያው 61 ኪሎ ቢሆን ምን አገባኝ? የምጠይቀው «ያንሳል ወይ» ብዬ ነው። ያኔ 5 በመቶው በሙሉ በግራው ጫፍ ስለሚሆን ድንበሩ በ15 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም 1.753 ሲቀነስ ይሆናል፤ 2 ሲቀነስ ደግሞ ይህን ያልፋል። በዚያው ቡና፣ በዚያው ሚዛን የነጋዴው ቃል ውድቅ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ «ውድቅ ማድረግ አይቻልም» የሚለውን «60 ኪሎ መሆኑ ተረጋገጠ» ብሎ ማንበብ ስህተት ነው። የተገኘው ክልል 60ን እንደያዘ ሁሉ 59ንም ይዟል። አንድ ሰው አማካዩ 59 ነው ቢል እሱንም በዚህ ናሙና ውድቅ ማድረግ አይቻልም፤ ሁለቱም ግን ልክ ሊሆኑ አይችሉም።


የማኔጅመንት ተማሪ፣ 2ኛ ዓመት (ጅማ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በድምር ያሳዩኝን ለጓደኞቼ በወረቀት ሠርቼ ሳሳያቸው 1.2ን ለምን ለ4 እንደምናካፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባን። እስከ ዛሬ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንና ስታንዳርድ ኤረርን የአንድ ነገር ሁለት ስም አድርጌ ነበር የማያቸው።

አሁን ግን ሌላ ክርክር ተነሥቷል። ውድቅ ያደረገችው ጓደኛዬ የመጨረሻውን አስተያየት አንብባ «እንግዲያው መልሴ ልክ ነው፤ በአንድ ጫፍ ፈተንሁት እላለሁ» ትላለች። መምህር፣ ይህ ያስኬዳል?


ስታቲስቲክስ የማስተምር፦

አያስኬድም። በአንድ ጫፍ ወይም በሁለት ጫፍ መፈተን የሚወሰነው ከጥያቄው ተነሥቶ፣ ጆንያ ሳይመዘን በፊት ነው። ፒ-ቫሊዩው (የነጋዴው ቃል እውነት ቢሆን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት በአጋጣሚ የመውጣት ዕድሉ) በሁለት ጫፍ 0.064፣ በአንድ ጫፍ ደግሞ ግማሹ 0.032 ስለሆነ፣ ውጤቱ ከታየ በኋላ ጫፉን መምረጥ 0.05ን ለመዝለል ዱላውን ዝቅ እንደማድረግ ይቆጠራል። የእናንተ ጥያቄ «ይለያል ወይ» ስለሚል መልሱ የመምህራችሁ ነው። የገዢው ጥያቄ ቢሆንና አስቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ጓደኛሽ ትክክል በሆነች ነበር፤ በተሳሳተ ሠንጠረዥም ቢሆን።

0.05ም ቢሆን ከተፈጥሮ የተገኘ ቁጥር አይደለም። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አመቺ መለያ አድርጎ ስለተጠቀመበት ሌላው ተከተለው። 0.064 ያገኘ አስተዋይ ሥራ አስኪያጅ ነጋዴውን ንጹሕ ነው ብሎ አያሰናብትም፣ ሌባ ነው ብሎም አይከስም፤ ተጨማሪ ጆንያ ያስመዝናል። 64 ጆንያ ቢመዘን ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 0.15 ገደማ፣ ማለትም በግማሽ ይወርዳል፤ ግማሽ ለማድረግ አራት እጥፍ መመዘን ግድ ነው።


የመጋዘን ሒሳብ ያዥ (ጅማ)፦

መምህር፣ 64 ጆንያ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ክምሩ ተንዶ፣ ከሥር ያለው ወጥቶ፣ ተመዝኖ እንደገና ሲደረደር ጫኝና አውራጆቹ ሁለት ጊዜ ይከፈላቸዋል፤ ቡናው በዚያው ቀን መጫን ካለበት ደግሞ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ስንት ጆንያ ይመዘን የሚለው የሚወሰነው የጎደለው ቡና ዋጋ ከማስመዘኛው ወጪ በልጦ እንደሆነ ተሰልቶ ነው። ተማሪዎቹ ይህንንም ቢያሰሉ መልካም ነው፤ በየጆንያው 0.6 ኪሎ በ300 ጆንያ 180 ኪሎ ይሆናል፣ እሱም ከአሥር ፈረሱላ ይበልጣል። ለዚያ ያህል ቡና እኔ 64ቱን አስመዝናለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የሚዛኑን ሥር አስጠርጋለሁ።