ገቺ ሳይናፕስ ከሶማው ሲርቅ ከረንቱ ለምን ይጨምራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ኒውሮን በሚባለው የነርቭ ሴል ሲሙሌተር የሞተር ኒውሮን (ጡንቻን የሚያዝ የነርቭ ሴል) ሞዴል እየሠራሁ ነው። ሶማውን (የሴሉን ዋና አካል) በቮልቴጅ ክላምፕ፣ ማለትም ቮልቴጁን ቀጥ አድርጎ ይዞ ከረንቱን በሚለካ ዘዴ፣ −50 ሚሊቮልት ላይ ይዤዋለሁ። ዴንድራይቱ (ከሶማው የሚወጣው ቅርንጫፍ) ላይ ቶሎ የማይዘጉ ኤል ታይፕ የካልሲየም ቻናሎች (ካልሲየም የሚያስገቡ በሮች) አሉ። ያንኑ ገቺ ሳይናፕስ (ሴሉ እንዳይተኩስ የሚያግድ መገናኛ) አንዴ ሶማው ላይ፣ አንዴ ዴንድራይቱ መሃል አስቀመጥኩት። ቻናሎቹ ሲጠፉ የሩቁ ከረንት ያንሳል፣ እሺ። ሲበሩ ግን የሶማውን በለጠው! የሶማው ደግሞ ንቅንቅ አላለም። ምን ነክቶት ነው?

ኮድ ወዳጅ፦ መጀመሪያ የሪቨርሳል ቮልቴጁን (ሳይናፕሱ ሴሉን የሚጎትትበትን ቮልቴጅ) እይ። ኤክስፕሲን የሚባለውን የሲሙሌተሩን ዝግጁ ሳይናፕስ ካልነካኸው 0 ላይ ነው የሚመጣው፤ ያ ቀስቃሽ እንጂ ገቺ አይሆንም።

ጠያቂ፦ −75 ሚሊቮልት ነው። ኮንዳክታንሱ (ከረንት የማሳለፍ አቅሙ) 20 ናኖሲመንስ።

ላሊበላ77፦ እኛ የተማርነው ሶማው ላይ ያለው ሁሌም ያሸንፋል ተብሎ ነው። ሞዴሉን ፈትሽ።

የነርቭ ነገር፦ ላሊበላ፣ እሱ ዴንድራይቱ ተራ ሽቦ ሲሆን ነው። ከሩቅ የሚመጣ ከረንት መንገድ ላይ እየፈሰሰ ያልቃል። እዚህ ግን ዴንድራይቱ ራሱ ወደ ውስጥ የሚገባ ከረንት ያመነጫል። ሳይናፕሱ አጠገባቸው ሲሆን ቮልቴጁን ዝቅ ያደርግና ቻናሎቹን ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ክላምፑ የሚያየው የሳይናፕሱን ከረንት ብቻ አይደለም፤ ቻናሎቹ በመዘጋታቸው የተቋረጠው የካልሲየም ከረንትም ተደምሮበት ነው።

የሶማውን በእጅህ አስላው። ከ−50 እስከ −75 ያለው ልዩነት 25 ሚሊቮልት ነው፤ በ20 ናኖሲመንስ ሲባዛ 0.5 ናኖአምፒር። ክላምፑ የሶማውን ቮልቴጅ ቀጥ አድርጎ ስለያዘው ሳይናፕሱ ዴንድራይቱን የሚነካበት መንገድ የለውም። ቻናል በራ አልበራ ያው 0.5 ነው። ሞዴልህ ጤነኛ ነው ባይ ነኝ።

ኮድ ወዳጅ፦ እስማማለሁ። ግን ከዚህ ተነስተህ «ሶማው ላይ ያለው ደካማ ነው» እንዳትል። ክላምፑን አውጣና በከረንት ክላምፕ (ከረንት እየሰጡ ቮልቴጁን ነፃ በሚተው ዘዴ) ሴሉን አስተኩሰው። ያኔ የሶማውም ሳይናፕስ ቮልቴጁን ያወርዳል፣ ዴንድራይቱም ይከተለዋል። የዴንድራይቱን የካልሲየም ከረንት ለብቻው መዝግብ፤ ነገሩ እዚያ ነው የሚለየው። ኤንሴግንም (ሲሙሌተሩ ዴንድራይቱን የሚከፋፍልበትን የክፍል ብዛት) ከፍ አድርገው፣ ጎዶሎ ቁጥር ይሁን።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። እውነተኛው ሴል ላይስ የቱ የት ነው?

የነርቭ ነገር፦ የሬንሾ ሴሎች (ሞተር ኒውሮንን መልሰው የሚገቱ የአከርካሪ ገመድ ሴሎች) በብዛት ዴንድራይት ላይ ያርፋሉ። ተቃራኒ ጡንቻን የሚገቱት የአንድ-ኤ ኢንተርኒውሮኖች (አገናኝ የነርቭ ሴሎች) ወደ ሶማው ይጠጋሉ። ሁለቱን ለየብቻ ሞክራቸው፤ ለቴሲስህ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።