አስቸኳይ፦ ፍጻሜው ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ጥያቄዎቹ ግን ተኮርጀው ተገኙ

ጭንቅ_በጭንቅ (ከቀኑ 8፡40)
ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማታ 2 ሰዓት ፍጻሜ አለን። ቴሌግራም ላይ በኩዊዝ ቦት የምናካሂደው የተማሪዎች ጠቅላላ እውቀት ውድድር ነው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። በ64 ልጅ ጀምረን 8 ቀርተዋል። ዛሬ ጠዋት ባለፈው ዙር የወደቀ አንድ ልጅ ግሩፑ ላይ ስክሪንሾት ደረደረበት። በግራ የኛ ጥያቄ፣ በቀኝ ሌላ ቻናል ከዓመት በፊት የለጠፈው። ከ20ው 13ቱ ቃል በቃል አንድ ነው። የአማራጮቹ ቅደም ተከተል እንኳ አልተነካም። ግሩፑ እየነደደ ነው፣ ወላጆች እየደወሉ ነው። የዚያኛው ቻናል ባለቤትም "ሌቦች፣ እከሳችኋለሁ" ብሎ ጻፈልን። እውነት መክሰስ ይችላል? ፍጻሜውንስ ምን ላድርገው? የሽልማቱ ታብሌት ተገዝቷል።

ሸዋ_በር (8፡47)
ሰርዙት። አለቀ።

ቲቸር_ነኝ (8፡58)
ልጄ፣ ይህ የዛሬ ችግር አይደለም። 22 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ኩረጃ ድሮ ከዴስክ ሥር ነበር፣ ዛሬ አዘጋጁ ራሱ ይኮርጃል! በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ሲሰረዝ፣ ተማሪዎቼ ግቢው ውስጥ ደብተራቸው ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያለቀሱት ያጠኑት ናቸው። የኮረጀውማ ምን ያስለቅሰዋል? እናንተ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ለማውጣት አንድ ገጽ ማንበብ ሞት ሆነባችሁ። እኔ አንድ የምርጫ ጥያቄ ሳወጣ ሦስቱን የተሳሳቱ አማራጮች ለማሰብ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር…

ጨዋታ_አዋቂ (9፡01)
ታብሌቱን ስክሪንሾት ለለጠፈው ልጅ ስጡት። በዚህ ውድድር ምርምር የሠራው እሱ ብቻ ነው 😂

ጭንቅ_በጭንቅ (9፡03)
ወንድሜ ቀልዱን ተወኝ። ቲቸር፣ ልክ ነዎት፣ ግን አምስት ሰዓት ነው የቀረኝ።

የሕግ_ተማሪ (9፡10)
በክሱ ላይ ልበል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና እንዲሁ መረጃን አይጠብቅም። "የዓድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?" የሚለውን ማንም የኔ ነው ማለት አይችልም። ግን ያው አዋጅ ስብስብን ይጠብቃል፣ አመራረጡና አደራደሩ የራስ ፈጠራ ከሆነ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሌላ፣ 13 ጥያቄ ከነአማራጩ ከነቅደም ተከተሉ ሌላ።

አሜሪካ የታወቀ ጉዳይ አለ። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል ሰው የጠቅላላ እውቀት መጽሐፍ ጽፎ፣ የሚቀዱትን ለመያዝ አንድ የውሸት መረጃ ደበቀበት። የቴሌቪዥኑ መርማሪ የኮሎምቦ ስም "ፊሊፕ" ነው ብሎ። ትሪቪያል ፐርሱት የሚባለው ጨዋታ ሲወጣ "ፊሊፕ" ውስጡ ተገኘ! በ1984 እ.ኤ.አ. የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። አዘጋጆቹም አልካዱም፣ መጽሐፉ ከምንጮቻችን አንዱ ነው አሉ። ሰውየው ግን ተረታ፣ መረጃ የማንም ንብረት አይደለም ተባለ። የነሱ ሕግ እኛን አይገዛም፣ ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ለማሳየት ያህል ነው። ለማንኛውም ባለቤቱን አታፋጡት። ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁት።

ሚጡ_የደሴዋ (9፡16)
እኔ ስክሪንሾቱን አይቻለሁ፣ እህቴ ተወዳዳሪ ናት። 7ኛዋን ተመልከቱ። "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩንን ሮጦ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው በስንት ዓ.ም. ነው?" "እግሩንን" ብሎ ሁለት "ን"! በሁለቱም ላይ። መልሱም በሁለቱም 1953 ተብሏል፣ ስህተት ነው። 1952 ነው።

ሙግት_ወዳጅ (9፡20)
1953ቱ ምንም አያሳይም። ከ1960 ላይ ሰባት የቀነሰ ሁሉ 1953 ይላል፣ እኔም እል ነበር። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ስለሠራ ተኮራረጀ አይባልም።

ሚጡ_የደሴዋ (9፡22)
ለዓመቱ እሺ። ሁለቱ "ን"ስ?

ሙግት_ወዳጅ (9፡25)
እሱን ተረታሁ። ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ። ሁላችሁም "ተሰረቀ፣ ተሰረቀ" ትላላችሁ። ተማሪዎቹ ምን አጠፉ? ቻናሉ ለሁሉም ክፍት ነው። ገብቶ ያነበበ ልጅ አጠና እንጂ ኮረጀ አይባልም። ጭንቅ፣ ጥያቄህ ራሱ የተበላሸ ነው። የምትጨነቀው ለቻናሉ ባለቤት ነው ወይስ ለልጆቹ?

ጭንቅ_በጭንቅ (9፡31)
ለሁለቱም። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ባለፈው ዙር አንደኛ የወጣችው ልጅ 20ውን ጥያቄ በ41 ሰከንድ ጨርሳለች፣ ቦቱ ደረጃው ላይ ሰዓቱን ያሳያል። ሁለተኛው 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው የፈጀበት። አሁን ግሩፑ ላይ ልጅቷን እየሰደቧት ነው። የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት።

ሸዋ_በር (9፡33)
ሰርዙት ብያለሁ።

የሚኒ_ሚዲያ_እህት (9፡40)
ቆይ፣ ትልቁን ነገር ማንም አልጠየቀም። የማታዎቹ ጥያቄዎችስ ከየት ናቸው? ማን ነው ያዘጋጃቸው?

ጭንቅ_በጭንቅ (9፡46)
ያው ልጅ ነው። ገና አልከፈትኳቸውም።

የሚኒ_ሚዲያ_እህት (9፡47)
ያው ልጅ ማለት?

ጭንቅ_በጭንቅ (9፡55)
ታናሽ ወንድሜ ነው። የፍሬሽማን ፈተና ላይ ስለነበር ሰዓት አጠረው። አትፍረዱበት።

ጨዋታ_አዋቂ (9፡56)
እዚህ ላይ አልቀልድም። አይዞህ።

የሚኒ_ሚዲያ_እህት (10፡08)
እሺ ስማኝ። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ውስጥ አራት ዓመት ጥያቄና መልስ አዘጋጅቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ቅሌት ደርሶብኛል። የጥያቄው ባለቤት ማን ነው የሚለውን ነገ ትፈቱታላችሁ። ዛሬ ማታ የሚያሳስበው ጥያቄውን አስቀድሞ ያየ አለ ወይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ቡድን አራት የጥያቄና መልስ ዋንጫ ተነጥቋል። አንድ አባሉ ውድድሩን ለሚያዘጋጀው ድርጅት ጥያቄ ይጽፍ ስለነበር፣ የሚመጡትን ጥያቄዎች የመጀመሪያ ቃላት የሚያሳይ ገጽ ከፍቶ ተገኘ። ተጠቅሞበታል የሚል ማስረጃ እንኳ አልቀረበም። ማየት መቻሉ ብቻ በቃ። እሱ ግን የተዘጋ በር ከፍቶ ነው። ያንተዋ ልጅ ክፍት ቻናል ነው ያነበበችው። ጥፋቱ የእናንተ ነው።

የወንድምህን ፋይል አትክፈተው። ጭራሽ አትጠቀምበት። የአማራጮቹን ቅደም ተከተል ቦቱ ይቀያይርልህ ይሆናል፣ ግን መልሱን ላጠና ልጅ ያ ምንም አይለውጥም። አሁን ሦስት ሰው ጥራ። አንድ የታሪክ፣ አንድ የሳይንስ መምህር፣ አንድ ደግሞ ምንም የማያውቅ አንባቢ። እያንዳንዱ መምህር ስምንት ጥያቄ ያውጣ፣ አንባቢው ጮክ ብሎ ያንብባቸው። ሲያነብ የተደናቀፈበትን ጣሉት። 12 ጥሩ ጥያቄ ከተረፈ ይበቃል። ስምንት ልጅ ብቻ ስለሆነ ቦቱን ተዉና በድምፅ አድርጉት፣ ግሩፑ ላይ የድምፅ ውይይት ክፈቱ። ጥያቄው ሲነበብ ሁሉም እኩል ይሰማል፣ መልሱን ለአንተ በውስጥ መስመር ይላኩ። ስለ ዓመተ ምህረት ከመጠየቅ ስለ ምክንያት ጠይቁ። "አበበ በስንት ዓ.ም. አሸነፈ?" የሚለውን ሺህ ቻናል ላይ ታገኘዋለህ።

የሚኒ_ሚዲያ_እህት (10፡11)
ረሳሁት፦ ከመጀመርህ በፊት እውነቱን በራስህ ድምፅ ተናገር። "ጥያቄዎቹ ከሌላ ቻናል የተወሰዱ ነበሩ፣ ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ነው፣ የትኛዋም ተወዳዳሪ አላጠፋችም" በል። ይህን ካልክ ልጅቷን የሚሰድባት ይቀንሳል። ባለፈው ዙር በጥቂት ነጥብ የወደቁት ላይም አስቡበት። ስክሪንሾት የለጠፈው ልጅ ስንተኛ ነበር?

ጭንቅ_በጭንቅ (10፡14)
ዘጠነኛ 🤦

ሙግት_ወዳጅ (10፡15)
ይኸው! እኔ ብሆን ዘጠነኛውን አስገብቼ 9 ልጅ አደርጋለሁ።

ቲቸር_ነኝ (10፡20)
የታሪክ መምህር ካስፈለገህ እኔ አለሁ። ስምንት ሳይሆን አሥር አወጣልሃለሁ። በውስጥ ጻፍልኝ።

ጭንቅ_በጭንቅ (10፡22)
ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ! ጻፍኩልዎት።

ሸዋ_በር (ማታ 1፡50)
ሰረዛችሁት?

ሚጡ_የደሴዋ (2፡25)
እህቴ ስልኳን ይዛ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታለች። የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ የሚያነቡት አዛውንት ይመስላሉ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ጨዋታ_አዋቂ (በማግስቱ፣ ጠዋት 3፡05)
ጭንቅ? ታብሌቱ የማን ሆነ?

የሕግ_ተማሪ (4፡30)
የቻናሉ ባለቤትስ ምን አለ?

አዲስ_ገቢ_12 (ከሰዓት፣ 10፡12)
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ውጪ ነው። የአበበ ለምን 1953 አይሆንም? እኔም ከ1960 ላይ 7 ቀነስኩ።

ሚጡ_የደሴዋ (10፡30)
ውድድሩ ሴፕቴምበር 10 ነበር። በእኛ ጳጉሜን 5 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ 1953 ይሆንልህ ነበር።