ቪትሰንሃውዘን ልገባ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ምን ይሠራል?

ሰላም ለሁላችሁም። ከፍራንክፈርት ነኝ። በመስከረም የአረጋውያን እንክብካቤ አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) እጀምራለሁ። የደረሰኝ ቦታ ቪትሰንሃውዘን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰሜን ሄሰን፣ ካሰል አጠገብ። ካርታው ላይ ሳያት ዙሪያዋ ወንዝ፣ ጫካና ጋራ ብቻ ነው። የአበሻ ሱቅ አላየሁም። እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ ሰው እረፍት ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፈው?

*

መልስ፣ ከቪትሰንሃውዘን

ወንድሜ፣ አስቀድሜ እንኳን ደህና መጣህ ልበልህ። እኔ እዚህ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እውነቱን ካልክ፣ ቅዳሜና እሁድ እዚህ በእግር ይኬዳል። በቃ። ይህን ካልወደድክ ክረምቱ ይከብድሃል።

እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እኛ አገር ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄደው ጉዳይ ሲኖረው ነው፤ ወይ ገበያ፣ ወይ ለቅሶ፣ ወይ ንግሥ። እናቴ በስልክ "ዛሬ የት ዋልሽ?" ስትለኝ "ተራራ ወጣሁ" አልኳት። "ምን ልታመጪ?" አለችኝ። ምንም። ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ ለእግር መንገድ ነው ጀርመን ድረስ የሄድሽው?" አለች። አሁን ድረስ ትስቅብኛለች።

ከተማዋ በቬራ ወንዝ ዳር ነው ያለችው። በ2025 የከተማነት መብት ያገኘችበትን 800ኛ ዓመት አከበረች (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መሃሏ የእንጨት ማገር የሚታይባቸው አሮጌ ቤቶች ናቸው፤ ግማሾቹ ወደ ጎን ያዘመሙ። ባቡር ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ሻንጣ ይዘህ ስትመጣ ትንሽ ያደክምሃል። ከካሰል ግን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ዶይችላንድ ቲኬት (በመላ ጀርመን ለከተማና ለአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ የሚሆነው የወር ትኬት) ካለህ ለእግር መንገድ ሌላ የትራንስፖርት ወጪ የለብህም።

በቀላሉ ጀምር። ወንዙን ይዘህ ወደ ቬንደርስሃውዘን ሂድ፤ ከዚያ ወደ ሉድቪግሽታይን ግንብ ውጣ። የተሠራው በ1415 ነው። ሰይጣን አግዞ በአንድ ሌሊት ጨረሰው ይላሉ። በ1920 የወጣቶች እንቅስቃሴ ማኅበርተኞች ፍርስራሹን ገዝተው አደሱት፤ ዛሬም ወጣቶች የሚያድሩበት ነው። በር ላይ ቆመህ ወደ ማዶ ስታይ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ግንብ ፊት ለፊት ያፈጥብሃል። ሃንሽታይን ይባላል። ሁለቱ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ነው የሚተያዩት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ሃንሽታይን ያለው ቱሪንገን ውስጥ ነው። እስከ 1990 ድረስ ያ ማዶ ሌላ አገር፣ ምሥራቅ ጀርመን ነበር። ግንቡ በድንበሩ ክልከላ ቀጠና ውስጥ ስለነበር ተራ ሰው አይደርስበትም፤ ማማው ላይ የሚወጡት የድንበር ጠባቂዎች ነበሩ። ድንበሩ ራሱ እዚህ ጋ እንዴት እንደተሰመረ ብትሰማ ትገረማለህ። ከጦርነቱ በኋላ ከጎቲንገን ወደ ቤብራ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ትንሽ ርቀት በሶቪየቶች ይዞታ ውስጥ ያልፍ ነበር። አሜሪካኖቹ ባቡሩ ስላስፈለጋቸው መስከረም 17 ቀን 1945 ቫንፍሪድ ላይ ተፈራርመው መንደር በመንደር ተለዋወጡ። ሰዉ እስከ ዛሬ "የዊስኪና የቮድካ መስመር" ይለዋል። ለባቡር ሐዲድ ሲባል አንዱ ምዕራብ፣ አንዱ ምሥራቅ ሆኖ ቀረ።

የዚያን ድንበር ርዝራዥ በእግርህ ትረግጠዋለህ። ጫካ ውስጥ እየሄድክ ድንገት ሁለት ረድፍ የሲሚንቶ ንጣፍ ታገኛለህ፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ በቀዳዳው ሣር ወጥቷል። የጠባቂዎቹ መኪና የሚሄድበት መንገድ ነበር። ስትሄድበት እግርህን እያየህ ሂድ፤ እኔ የጫማዬ ጫፍ ገብቶ በግንባሬ ተደፍቻለሁ። 1,393 ኪሎ ሜትር የነበረው ያ ሁሉ ድንበር ዛሬ አረንጓዴው ቀበቶ ይባላል፤ ሰው ስላልረገጠው ወፉና አበባው ተርፎበታል።

ከሃንሽታይን አንድ ሰዓት ከምናምን ብትሄድ ቶይፈልስካንሰል ትደርሳለህ፤ የሰይጣን መድረክ ማለት ነው። (ለዚህ አካባቢ ሰው ሰይጣን ሥራ ፈት አይደለም።) ድንጋዩ ላይ ቆመህ ወደ ታች ስታይ ቬራ እንደ ፈረስ ኮቴ ዞሮ፣ መንደሯን አቅፏት ታየዋለህ። ልጅ ይዘህ ከሄድክ እጁን እንዳትለቅ።

ስለ መንገድ ምልክት አትጨነቅ። ዛፍ ላይ ተቀብቷል፤ ብዙውን የሚቀቡት የእግረኛ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኤክስ 5 ኤች የሚለውን ካገኘህ ከሃን ሙንደን ተነስቶ ግንቦቹን እያያያዘ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ትልቁ መንገድ ነው። የሰው ጫካ ገባሁ ብለህም አትፍራ። በሕጉ ጫካው የግልም ቢሆን ለመዝናናት መግባት ይፈቀዳል፤ የሚደርስብህ ነገር ግን በራስህ ኃላፊነት ነው። የቼሪ ማሳው ግን የሰው ነው፤ እንዳትቆርጥ። ይህች ከተማ በቼሪ ነው የምትታወቀው። በሚያዝያ መጨረሻ ጋራው ነጭ ይለብሳል። በሐምሌ በዓል አላቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ቆመው የቼሪ ፍሬ ማን አርቆ ተፋ እያሉ ይወዳደራሉ። ቀልዴን አይደለም።

አሁን ስለ ሰላምታ። ከተማ ውስጥ ጎረቤትህ አይቶህ ዝም ሊል ይችላል። ጫካ ውስጥ ግን ያው ሰው "ሃሎ" ይልሃል። ካልመለስክ ነው ነውሩ። ይህችን ቶሎ ያዝ፤ እኔን ያተረፈችኝ እሷ ናት። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ በጥቅምት፣ ሆሄር ማይስነር ወጣሁ። 753 ሜትር ነው፤ እዚያ ያለውን ኩሬ በረዶ ከምታዘንበው ከተረቷ አሮጊት ጋር ያያይዙታል፤ አልጋዋን ስታራግፍ ላባው በረዶ ሆኖ ይወርዳል ይላሉ። ስወርድ አውቶቡስ የለም። የጊዜ ሰሌዳው ግርጌ በደቃቁ "ከሰኞ እስከ ዓርብ" ይላል፣ እኔ ደግሞ እሁድ ነው የወጣሁት። ሁለት ሰዓት ቆምኩ። መሸ። ስልኬ መስመር የለውም። አንድ መኪና አለፈኝና ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጠዋት መንገድ ላይ "ሃሎ" ያልኳቸው ባልና ሚስት ናቸው። "አንቺ ቢጫ ኮፍያ ያደረግሽው አይደለሽም?" አሉኝ። ቤቴ በር ድረስ አደረሱኝ።

ሴትየዋ አሁን የእግር ጓደኛዬ ናት። መጀመሪያ ስትጋብዘኝ አለ ቩርሽት ቆርጣ አቀረበችልኝ፤ የዚህ አገር ሰው የሚኮራበት የአሳማ ቋሊማ ነው። ቀኑ ዓርብ ነበርና "ጾም ነው" አልኳት፣ ሌላውን ምክንያት ሌላ ቀን ነገርኳት። እኔ ቆሎ አወጣሁ። አንድ ዘግና "ይህ ለወፍ ነው?" አለች። አሁን ሳልይዝላት ከሄድኩ ትቆጣለች።

አንድ የማትጠብቀው ነገር ልንገርህ። እዚህ ያለው የካሰል ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሥነ ምህዳር ግብርና ነው የሚያስተምረው። ቦታው ግን በ1898 የተመሠረተው የጀርመን የቅኝ ግዛት ትምህርት ቤት ነበር፤ በቅኝ ግዛት ሄደው የሚያርሱ ወጣቶችን ያሠለጥኑበት ነበር። የሞቃት አገር ተክል የሚያበቅሉበት የመስታወት ቤት አላቸው። በበረዶ ቀን ከእግር መንገድ ተመልሼ ገባሁ፤ መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፈነ። ጠርጌ ስመለከት ፊቴ ላይ የቆመው የቡና ዛፍ ነው። ቅጠሉን ነካሁት። ጅማ ያለውን የአያቴን ጓሮ አስታወሰኝ፣ የቆምኩትም የቅኝ ገዢ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

*

ከካሰል

እህቴ ሁሉን ብላዋለች። እኔ መዥገርን ልጨምር። ከፀደይ እስከ መኸር ረጅም ካልሲ አድርግ፣ ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተተው፤ ማንም አይስቅብህም። ቤት ስትገባ ከጉልበትህ በስተጀርባ፣ ብብትህን፣ ብሽሽትህን እይ። ካገኘህ ዘይት ምናምን አትቀባ። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳህ አስጠግተህ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚሰፋ ቀይ ክብ ከወጣብህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ሌላው፣ ጫካ ውስጥ ነጭ መስቀልና ቁጥር ያለው አረንጓዴ ሰሌዳ ታያለህ። ብትወድቅ 112 ደውለህ ያንን ቁጥር ንገራቸው። የት እንዳለህ በጀርመንኛ ለማስረዳት አትቸገርም።

*

ከዳላስ

እኛ እዚህ ፖስታ ሳጥን ድረስ በመኪና ነው የምንሄደው። ቀናሁባችሁ። ቆሻሻ መለየት ግን ገደለን የምትሉት እናንተ አይደላችሁ?

*

ከቪትሰንሃውዘን

ወንድሜ ከዳላስ፣ ነገር ነካህ። የጀርመን የመጀመሪያው የብስባሽ ቆሻሻ በርሜል የተጀመረው በዚችው በእኛ ከተማ ነው፣ በ1983። ስለዚህ አዲሱ ሰውዬ የድንች ልጣጭና ፕላስቲክ አንድ ላይ ከጣለ ያለ ይቅርታ ነው።

*

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳላውቀው ወደድኳት። አንድ ጥያቄ ብቻ። እናቴ በፀደይ ልትጎበኘኝ ታስባለች። 70 አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ለእሷ የሚሆን መንገድ አለ?

*

ከቪትሰንሃውዘን

አለ እንጂ። በሚያዝያ መጨረሻ አምጣት፣ ቼሪው ሲያብብ። የወንዙ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ መቀመጫም አለው። ሌላ ቀን ደግሞ ሊንደቬራ ውሰዳት። ቅድም ከድንጋዩ ላይ ሆነህ የምታያት ያልኩህ መንደር ናት። በ1945 ድልድዩን አፍርሰውት፣ መንደሯ ምሥራቅ ስለቀረች መልሶ የተሠራው በ1999 ነው። አሁን ከኦበርሪደን ተሻግረህ ትገባለህ።

እዚያ ከ1836 ጀምሮ ከዘራ ይሠራል። አዎ፣ እኛው የምናውቀው ከዘራ፤ እጀታው የቆለመመ። የቼስትነት ዛፍ እንጨት በእንፋሎት አለስልሰው ነው የሚያጎብጡት፤ ሙዚየምም አላቸው። ከፍራንክፈርት ከመነሳትህ በፊት እናትህን ደውልላት። ጫማዋን አድርጋ ቀጥ ብላ ትቁም፣ እጇን ወደ ታች ትልቀቀው፣ ከመሬት እስከ እጅ አንጓዋ ያለውን ይለኩላትና ቁጥሩን ያዘው።