የጭምብሉ ጀግና ልጅነት፦ «ዞሮ» ወደ ሰይፉ ለመድረስ ለምን ይዘገያል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ እየተገናኘን መጻሕፍት የምንወያይ ጥቂት አንባቢዎች ነን። በዚህ ዙር የመረጥነው ቺሊያዊቷ ደራሲ ኢዛቤል አዬንዴ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ያሳተመችውን፣ ስለ ጭምብል ለባሹ ሰይፈኛ የሚተርከውን «ዞሮ» የተሰኘ ልቦለድ ነው። ያለን አንድ የእንግሊዝኛ ቅጂ ብቻ በመሆኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ተላልጧል፤ ሆኖም ሁሉም አንብቦ ጨርሷል። ውይይቱን እንድመራ የተመደብሁት እኔ ስሆን፣ ቅሬታው ከወዲሁ ደርሶኛል። አባላቱ ሰይፍ፣ ፈረስና ጭምብል ጠብቀው ቢገቡ፣ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ልጅነት፣ ቀጥሎ የባርሴሎና ወጣትነት ገጥሟቸው ተሰላችተዋል። የጭምብል ጀግና ከየት እንደመጣ እንዲህ በዝርዝር ሲነገረን ምስጢሩ አይቀንስም ወይ? ደግሞስ ጀግና ስሙን ከነአባቱ እየጠራ ሲፎክር ሰምተን ላደግን ሰዎች፣ ፊቱን የሚሸፍን ጀግና እንዴት ይዋጥልናል?

የቦርከና አንባቢ (ኮምቦልቻ)

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልሞክር። የዞሮ የመጀመሪያ ደራሲ ጆንስተን ማኬሊ ታሪኩን በ1919 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት በተከታታይ ሲያወጣ፣ ዘወትር ድካም የሚሰማው ልፍስፍሱ ዶን ዲዬጎ ራሱ ዞሮ መሆኑ የሚገለጠው በታሪኩ መጨረሻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዳግላስ ፌርባንክስ በፊልም ከተጫወተው ወዲህ ግን ምስጢሩ አደባባይ ወጥቷል። ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይታ የጻፈችው አዬንዴ «ማን ነው?» በሚለው ልታጓጓን አትችልም፤ የቀራት «ምን አደረሰው?» የሚለው ነው።

መልሱም ያለው አባላቱ በተሰላቹበት ክፍል ውስጥ ነው። የዲዬጎ እናት ቶይፑርኒያ በስፔናውያኑ ሚስዮን ላይ ጥቃት የመራች ተዋጊ ስትሆን፣ አባቱ አሌሃንድሮ ደ ላ ቬጋ ያንኑ ሚስዮን የተከላከለ መኮንን ነው። እናቱ ከወሊድ በኋላ በመታመሟ፣ አና የተባለች የአገሬው ተወላጅ ከገዛ ልጇ ከቤርናርዶ ጋር እኩል አጥብታ አሳድጋዋለች። ሌላው አንባቢ ይህን በዋዛ ያልፈው ይሆናል፤ የጡት ወንድም ምን ያህል እንደሚያስተሳስር ለሚያውቅ ወሎዬ ግን የመጽሐፉ ምሰሶ እዚህ ላይ ቆሟል። የባሕር ወንበዴዎች ቤቱን ወርረው አናን ሲገድሉ ቤርናርዶ ተደብቆ ያያል፤ ከዚያ በኋላም አንደበቱ ይዘጋል። ሁለቱ ልጆች በእጅ ምልክት መግባባታቸው፣ አንዱ ዝም ባለ ቁጥር ሌላው ስለ እርሱ መቆርቆሩ፣ ኋላ ዞሮ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ያሳየናል። ይህ ተቆርጦ ቢወጣ በቀረው ሰይፍ ሜዳ ላይ ማን ስለ ማን እንደሚዋጋ ግድ አይሰጠንም ነበር።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይማርከኛል። በእኛ ወግ ጀግናው ሁለተኛ ስም ቢያወጣም የሚያወጣው እንዲታወቅበት ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ተብለው በፈረስ ስማቸው ተፎክሮላቸዋል። ቴዎድሮስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1855 ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ሳለም የቋራው ካሣ መሆናቸውን የሚያጣ አልነበረም። ሽፍታ ቤቱን ጥሎ ጫካ ይገባልና ፊቱን መሸፈን አያስፈልገውም፤ ዱሩና ገደሉ ይከልሉታል።

ዲዬጎ ግን ጫካ አልገባም። ከባለሥልጣኖቹ ጋር አንድ ገበታ ይቀርባል፤ የባለርስት ልጅነቱንም አልተወም። ባርሴሎና ውስጥ በሰይፍ መምህሩ በማኑኤል ኤስካላንቴ በኩል ወደ አንድ ምስጢራዊ ማኅበር ሲገባ ዞሮ የሚለውን ስም የመረጠው፣ ከተማይቱ በናፖሊዮን ጦር እጅ በነበረችበት ጊዜ ነው። ቀን ቀን ከጠላቱ ጋር ቡና እየጠጣ ማታ የሚዋጋ ሰው ጭምብል ከሌለው አንድ ሳምንትም አይቆይ! ስለዚህ ድፍረቱ ከሽፍታው አንሶ አይመስለኝም፤ የኑሮው አቀማመጥ ነው የተለየው።

የቀለም ቀንድ

ሁለታችሁም መጽሐፉን አብዝታችሁ አመሰገናችሁት። በመሐሉ ላይ አጋጣሚ ይበዛል፤ ባላንጣው ራፋኤል ሞንካዳም ደራሲዋ በፈለገችው ሰዓትና ቦታ ሁሉ ብቅ ይላል። ወደ ኒው ኦርሊንስ አካባቢ የሚወስደን የዣን ላፊት ምዕራፍም ላፊት በታሪክ የነበረ የባሕር ወንበዴ ስለሆነ ብቻ የገባ ይመስለኛል። ቢሆንም ዲዬጎ ለዓመታት ያፈቀራት ሁሊያና የላፊት ሚስት ሆና መቅረቷ፣ ከተለመደው የጀግና ሽልማት ስለሚያርቀን፣ አልጠላሁትም። ተራኪው ማን እንደሆነ ላልጨረሱ አንባቢዎች ስል አልናገርም፤ ለውይይታችሁ ግን ከሁሉም የተሻለው ርእስ እርሱ ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው ውይይቱን ቤርናርዶ አንደበቱ ከተዘጋበት ቦታ እጀምርና የተራኪውን ጉዳይ ለሁለተኛው ሰዓት አቆየዋለሁ። የሽፍታውንና የጭምብሉን ክርክር አንሥቼ ብተወው ይበቃል፤ የእኛ ሰዎች በዚያ ላይ ጎትጓች አያስፈልጋቸውም። የቦርከና አንባቢም ከኮምቦልቻ ብቅ ቢሉ ወንበር አይጠፋም።