ትህትና እንዴት ነው የሚለመደው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ ስብከትም በስልኬ እሰማለሁ፣ ግን ስለ እግዚአብሔር አወራለሁ እንጂ እሱን አላውቀውም። ባለፈው ሉቃስ 18 ላይ የፈሪሳዊውን («እንደ ሌላው ሰው ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ» ያለውን የሃይማኖት ሰው) እና ምሕረት የለመነውን የቀራጩን (የግብር ሰብሳቢውን) ጸሎት ሳነብ በልቤ «ተመስገን እኔ እንደ ፈሪሳዊው አይደለሁም» አልኩ፣ ከዛ ደነገጥኩ፣ ይሄ ራሱ እኮ የፈሪሳዊው ጸሎት ነው! ዝቅ ልበል ስልም ዝቅ ማለቴን ሰው እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ሰው ሲያርመኝ ደግሞ ውስጤ ይቆጣል፣ በተለይ ከኔ ያነሰ ያነበበ ከመሰለኝ። ጌታ ማቴዎስ 11፥29 ላይ የዋህ ነኝ በልቤም ትሑት ነኝ ከእኔ ተማሩ ብሏል፣ እሺ ግን በተግባር ከምን ልጀምር? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ በጸሎትም አስቡኝ።