ሠላሳን የተሻገረ ሰው በመንግሥት ወጪ ሕክምና ይማር? (ክርክር)

የክርክሩ አቅራቢ

ለክርክር ያቀረብኩት ጥያቄ የሚከተለው ነው። በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዘው ለዓመታት ሲሠሩ የቆዩና ዕድሜያቸው ሠላሳን የተሻገረ ሰዎች ሐኪም መሆን ቢፈልጉ፣ በመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የተወሰነ ቦታ ሊለይላቸው ይገባል ወይስ አይገባም?

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሥራ ሲጀምሩ የተቀበሉት ከ12ኛ ክፍል የመጡ ልጆችን ሳይሆን፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ሙያዎች የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎችን ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱም ከመደበኛው ያጠረና ተማሪውን ገና ከጅምሩ ወደ ታማሚው አልጋ የሚያቀርብ ነበር። ያኔ በሩን ያስከፈተው የሐኪም እጥረት ነው። ዛሬ ደግሞ ተመርቀው ቅጥር የሚጠባበቁ ሐኪሞች አሉ። ስለዚህ የቀድሞው ምክንያት አሁንም ያስኬዳል ወይ? እኔ በበኩሌ በሩ ይከፈት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ግን የእናንተን ካደመጥኩ በኋላ ባቀርብ ይሻላል።

ጠቅላላ ሐኪም

እኔ እቃወማለሁ፤ ተቃውሞዬም ከንቀት የመነጨ አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ሒሳቡን በቀላሉ እንሥራው። ከ12ኛ ክፍል ያለፈ ልጅ በ18 ዓመቱ ቢገባ፣ የፍሬሽማኑ ዓመት ተጨምሮ በ25 ዓመቱ ግድም ይመረቃል፤ ጡረታ መውጫው 60 ከሆነ 35 የአገልግሎት ዓመታት ከፊቱ አሉ። በ36 ዓመቱ የገባ ሰው ግን አምስት ዓመት ተምሮ 41 ላይ ይመረቃል፣ ስፔሻላይዝ ላድርግ ካለ ቢያንስ ሦስትና አራት ዓመት ይጨመርበታል፣ ለብቻው ሆኖ ታማሚ ማየት ሲጀምር ዕድሜው 45 ደርሷል። መንግሥት ለሁለቱም የሚያወጣው ወጪ ተመሳሳይ ሲሆን የሚያገኘው አገልግሎት ግን ግማሽ ነው።

በዚህ ላይ ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የተግባር ሠልጣኝ) በነበርኩበት ዓመት ከዱቲ፣ ማለትም ከተረኝነት፣ ወጥቼ ዶርም የምደርሰው ጠዋት ሳይሆን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ቆሜ አድሬ፣ ጠዋት ሞርኒንግ በሚባለው የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ያደሩትን ታማሚዎች አቅርቤ፣ ከዚያ ራውንድ፣ ማለትም የታማሚዎችን ጉብኝት፣ ተከትዬ። የ24 ዓመት ወጣት ሆኜ እንኳ የኮሌጁ ግቢ በር አጠገብ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኝ ዘበኛው ቀስቅሶኛል።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥቤ የቅጥሩ ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምን ብለው አደባባይ እንደወጡ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም እንደደረሱ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያሉትን ሐኪሞች በአግባቡ መቅጠርና መክፈል ያልቻለ ሥርዓት አዲስ በር መክፈት የለበትም።

ጤና መኮንን

ዶክተር፣ ሒሳብዎ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘሎአል። በ25 ዓመቱ የተመረቀው ወጣት 35ቱንም ዓመት እዚሁ አገር እንደሚሠራ ማን ዋስ ሆነ? አብረውዎት ከተመረቁት መካከል ዛሬ ስንቶቹ በውጭ አገር እንዳሉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ልጆቹ ትምህርት የጀመሩ፣ ባለቤቱ በዚያው ወረዳ መምህርት የሆነች፣ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ የ40 ዓመት ሰው ግን በቀላሉ ተነቅሎ አይሄድም። ሊቆጠር የሚገባው እዚህ አገር የተሠራው ዓመት ብቻ ነው።

እኔ በገጠር ጤና ጣቢያ ለዘጠኝ ዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ምጥ ይዟት ልጁ በማህፀኗ ውስጥ በጎኑ የተጋደመባት እናት በቃሬዛ አመጡልን። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። እኔ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፤ ግሉኮስ ሰካሁ፣ የሪፈር ወረቀቱን ጻፍኩ፣ የልጁን የልብ ምት በየሩብ ሰዓቱ እያዳመጥኩ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ መዘገብኩ፤ ከዚያ በኋላ የቀረኝ መጠበቅ ብቻ ነበር። እናትየዋ ተርፋለች። ይሁንና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት አውቆ መቁረጥ ያለመቻል ምን እንደሚመስል ከ12ኛ ክፍል የመጣ ልጅ ገና አያውቀውም። ሕክምና ለመማር የፈለግሁት ያን ሌሊት ነው እንጂ የ«ዶክተር» መጠሪያ አምሮኝ አይደለም።

ስለ ጉልበቱም ቢሆን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ የነበረ ሰው ዱቲ አዲስ ይሆንበታል ብላችሁ ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር

ሁለቱንም ዓይነት ተማሪዎች ስላስተማርኩ፣ ከክፍል ውስጥ ያየሁትን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለትልልቆቹ ከባድ ናቸው። ባዮኬሚስትሪ ከተማሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቹ በአንድ ምሽት የሚሸመድዱትን የሜታቦሊዝም ሰንሰለት እነርሱ ሦስት ምሽት ይፈጅባቸዋል። በዋርድ፣ ታማሚዎች በተኙበት ክፍል፣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወጣቱ ተማሪ የጥያቄ ዝርዝሩን ይዞ በተራ በተራ ሲጠይቅ፣ የቀድሞው ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀረብ ብሎ «እማማ፣ መድኃኒቱን በእርግጥ ውጠውታል ወይስ ትራስዎ ሥር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትራሱ ሥር የተገኘበትን ቀን አስታውሳለሁ።

ለሐቁ ሲባል ሌላውንም ልጨምር። ለዓመታት ትእዛዝ ሲፈጽም የኖረ ሰው ራሱ የመወሰን ልማድ ለማዳበር ጊዜ ይወስድበታል፤ አንዳንዶቹ ምርመራውን በትክክል ደርሰውበት እንኳ ሬዚደንቱ (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለው ሐኪም) እስኪናገር አፋቸውን ይይዛሉ። ይህ ግን በዓመት ተኩል ውስጥ ሲለቅ አይቻለሁ።

ከትምህርት የሚያሰናክላቸው ዕድሜ ሳይሆን ኪስ ነው። ቀን ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ተማሪ ሌሊቱን በግል ክሊኒክ ሲሠራ ያደረ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ኮታ ከመጠየቃችን በፊት ተማሪው በእነዚህ አምስት ዓመታት ምን ይበላል የሚለው ሊመለስ ይገባል።

ፋርማሲስት

እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ፋርማሲን እኔ አልመረጥኩትም። ሕክምናን በመጀመሪያ ምርጫነት ሞልቼ፣ ጥቂት ነጥብ ጎድሎኝ ምደባው ወደ ፋርማሲ አመጣኝ። ሙያውን ወድጄው ሠርቻለሁ፣ ዛሬም አልንቀውም። ነገር ግን በ18 ዓመት ዕድሜ በአንድ የፈተና ሳምንት የተወሰነ ነገር እስከ 60 ዓመት የሚጸናው ለምንድን ነው? ያን ሳምንት እኔ ወባ ይዞኝ ነበር።

ጠቅላላ ሐኪም

እህቴ፣ ያ ሁኔታ ያሳዝናል። ሆኖም የመንግሥት ቦታ ለግለሰብ ቁጭት ማካካሻ ሊሆን አይችልም። የግል ኮሌጆች አሉ፤ ዲግሪ ያለው ሰው ከፍሎ መማር ይችላል።

ፋርማሲስት

ዶክተር፣ በእኔ ደመወዝ?

ነርስ፣ ከሜሪላንድ

ከፍሎ መማር በሚቻልበት አገር ስለምኖር፣ ይህ «ከፍሎ ይማር» የሚለው መፍትሔ በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና በአብዛኛው ዲግሪ ላለው ሰው የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ መግባት የተለመደ ባይሆንም የሚያስደነግጥ አይደለም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ፕሮግራም አመልካችን በዕድሜው ምክንያት ማግለል እንደማይችል እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ ይደነግጋል። ስለዚህ ዕድሜዬን እንደ እንቅፋት አንስቶ የተናገረኝ ሰው የለም።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። የነርሲንግ ዲግሪዬ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚፈልጓቸው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ስላልነበሩ፣ በማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቼ ወሰድኳቸው። ከዚያ ኤምካት የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለ፤ አራት ክፍል ያለው፣ ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል የሚወስድ፣ ከ472 እስከ 528 ነጥብ የሚሰጥበት ነው። እኔን የጣለኝ ሳይንሱ ሳይሆን ረጃጅም ጽሑፍ እያነበቡ የሚመልሱት የንባብ ክፍል ነው፤ ሌሊት ሠርቼ ጠዋት እንግሊዝኛ ሳነብ ፊደሎቹ ይደበላለቁብኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ተፈትኜ ደህና አመጣሁ።

ቀጥሎ ብድሩ ይመጣል። እስካሁን ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ይሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይቀራል፤ የሕክምና ተማሪም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በላይ ያስወጣሉ፤ ቀሪውን ከግል ባንክ መበደር የሚችለው ጥሩ ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ያለው ወይም ዋስ የሚሆን ዘመድ ያለው ነው። እኔ ደግሞ በየወሩ ደሴ ለእናቴ የምልከው ገንዘብ አለብኝ። አራት ዓመት ተምሬ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንት ሆኜ፣ ዕዳውን መክፈል የምጀምረው በ47 ዓመቴ ይሆናል። ማመልከቻውን ግን ልኬአለሁ።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ዶክተርን ለመቃወም ብቻ አይደለም። ክፍያ ብቸኛ በር ሲሆን የሚገባው የተሻለው አመልካች ሳይሆን መበደር የቻለው ነው ለማለት ነው።

የታሪክ ተማሪ

ዶክተር መላኩ በያንን የሚያስታውስ የለም? በ1900 እ.ኤ.አ. ተወልደው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት በ1935 ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነበር። ዕድሜ ቢታይ ኖሮ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ባላየን ነበር።

ጠቅላላ ሐኪም

ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ለእኔም ያገለግላል። ዶክተር መላኩ በተመረቁበት ዓመት ጣሊያን ወረረን፣ ከዚያ በኋላ ጊዜያቸው በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ድጋፍ በማሰባሰብ አለፈ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. አረፉ። ታላቅ አርበኛነታቸው አያጠራጥርም፤ በሕክምናው ግን የሠሩት ጥቂት ዓመት ነው።

የታሪክ ተማሪ

የሰው ዕድሜ በምደባ አይታወቅም እኮ፣ ዶክተር። በ25 ዓመቱ የተመረቀስ ቢሆን?

የክርክሩ አቅራቢ

አሁን የእኔን ላቅርብ። ዶክተር ባነሱት የአገልግሎት ዓመት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚከተለው በሩን መዝጋት ሳይሆን ውሉን ማጥበቅ ነው። አንድ ወረዳ ወይም ዞን ለዓመታት ያገለገለውን ባለሙያ ራሱ መርጦ ይላከው፤ የመነሻ ደመወዙን እየከፈለ ያስተምረው፤ እርሱም ተመርቆ ባስተማረው ወረዳ ወይም ዞን ሆስፒታል አሥር ዓመት ያገልግል። ይህ ሲሆን መምህሩ ያነሱት የሌሊት ክሊኒክ ይቀራል፣ ዶክተር ያነሱት የቅጥር ጥያቄም በከፊል ይመለሳል፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው የሥራ መደብ ከመግባቱ በፊት ይታወቃል። የዕድሜ ጣሪያም ከተባለ «አሥሩን ዓመት ከጡረታ በፊት መጨረስ የሚችል» የሚለው ይበቃል። በዚህ ስሌት የ44 ዓመት ሰው እንኳ ይገባል።

የ12ኛ ክፍል ውጤትንም ሳናይ አንለፍ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕክምና ተማሪ አያጣም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም አያጣም። ግን የሚመርጥባቸው ልጆች ጥቂት ሆነው ሳለ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ሙያው ተፈትኖ የሚጠብቀውን ሰው ችላ ማለት አይገባኝም።

ጤና መኮንን

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ግን «ወረዳው ይምረጠው» የሚለው ያስፈራኛል። እኔ ባለፈው ዓመት አንድ የትምህርት ዕድል አግኝቼ መልቀቂያ ስጠይቅ፣ «አንተ ከሄድክ ጤና ጣቢያውን ማን ይይዘዋል?» ተብዬ ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ሰባት ሳምንት ተኛ። ምዝገባው አለፈ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በእርግጥም ምትክ አልነበራቸውም። ጎበዝ የሆነው ባለሙያ የሚከለከለው ጎበዝ ስለሆነ ነው። ምርጫው በወረዳው ከሆነ የሚላከው የማይፈለገው ሰው ይሆናል። ስለዚህ ፈተናውን ሚኒስቴሩ ያውጣ፤ ላለፈውም ሰው መልቀቂያ መስጠት ግዴታ ይሁን፤ ወረዳው ምትክ እስኪያገኝ ሥራ ያልያዘ አዲስ ጠቅላላ ሐኪም ይመደብለት።

ጠቅላላ ሐኪም

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእውነት ቅደም ተከተሉ ያ ከሆነ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ለሚገባ ጎልማሳ አንድ ሥራ ያላገኘ ሐኪም አስቀድሞ የሚቀጠርለት ከሆነ፣ ተቃውሞዬ በግማሽ ይቀንሳል። የጉልበቱን ነገር ግን አልተውኩም። አሥር ዓመት የሚለው ውልም ያለ ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪ ይዞ በማቆየት ሰውን አገር ውስጥ ማስቀረት እንደማይቻል በእኛ ጊዜ አይተነዋል። ብዙዎቹ በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ፣ ሄደዋል።

ፋርማሲስት

ፈተናው ከወጣ ግን፣ ዶክተር፣ ባዮኬሚስትሪውን ከየት ብጀምር ይሻለኛል?